መዝገባችሁን አትሰርዙ፦ ስለ መድረኩ መዘጋት ለወጣው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

በደቡብና በሰሜን ወሎ የሚገኙ በጎ ፈቃደኞች የዝናብ መጠን፣ የአእዋፍ ቆጠራና የዕፅዋት ፎቶግራፍ ሲያስገቡበት የቆዩት የዜጎች ሳይንስ መድረክ፣ ማለትም ተራ ሰው ለምርምር የሚሆን መረጃ የሚመዘግብበት የኢንተርኔት ገጽ፣ እንደሚዘጋና በውስጡ ያሉት ፕሮጀክቶች ወደ ሌሎች መድረኮች እንደሚዛወሩ አስተዳዳሪዎቹ ካስታወቁ ወዲህ ብዙ ተብሏል። ከተባለው ሁሉ በሰፊው የተነበበው አንድ የደሴ ጸሐፊ ያቀረቡት ጽሑፍ ነው። ፍሬ ነገሩን በአጭሩ ላስቀምጠው። የመድረኩ መዘጋት የበጎ ፈቃደኛውን ልፋት መና ያስቀራል፤ ሰርቨር ማቆየት ይህን ያህል ወጪ ስለማይጠይቅ መዝጋቱ ንቀት ነው፤ መረጃው ወደ ትልልቆቹ የውጭ መድረኮች መዛወሩ የወሎን ሀብት ለባዕድ አሳልፎ መስጠት ነው፤ መፍትሔው የራሳችንን መድረክ እዚሁ መሥራት ነው፤ እስከዚያው ድረስ ግን እያንዳንዱ ተሳታፊ ከዝውውሩ በፊት ያስገባውን ሁሉ ይሰርዝ ይላሉ። በመጨረሻም እንግሊዝኛ የማያነቡ ተሳታፊዎች ሜዳ ላይ ይቀራሉ የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር አክለዋል።

እኔም ከመዝጋቢዎቹ አንዱ ስለሆንኩ የጸሐፊው ቁጭት ይገባኛል። ብዕር ያስነሣኝ የስረዛው ጥሪ ነው። በሌሎቹ ነጥቦች ላይ ብንሳሳት ነገ ተነጋግረን እናርማቸዋለን፤ ከሰባት ዓመት በፊት በልግ ላይ የተለካ ዝናብ ግን አንዴ ከተሰረዘ ተመልሶ የሚለካው የለም።

ጸሐፊው መድረኩ ሲዘጋ ልፋቱም አብሮ ይቀበራል ያሉት መድረኩንና በመድረኩ ላይ የተቀመጠውን መዝገብ አንድ አድርገው በማየታቸው ነው። በዚህ መስክ የሆነው ግን ሌላ ነው። ሴቲ አት ሆም የተባለው ሥራ እ.ኤ.አ. በ1999 ተጀምሮ፣ በመላው ዓለም ያሉ ሰዎች ሥራ የፈታ ኮምፒውተራቸውን ከራዲዮ ቴሌስኮፕ የተገኙ ምልክቶችን እንዲመረምር ሲያውሱት ከሃያ ዓመት በላይ ከቆየ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በማርች 2020 መጨረሻ ላይ አዲስ ሥራ ማከፋፈሉን አቆመ። ያቆመው የተሰበሰበው ስለተናቀ አልነበረም፤ ተመራማሪዎቹ ጊዜያቸውን የተከማቸውን ውጤት ለመተንተን ማዋል ስለፈለጉ ነው። አይ.ቢ.ኤም. እ.ኤ.አ. በ2004 የመሠረተው፣ የበጎ ፈቃደኞችን ኮምፒውተር እንዲሁ ለምርምር የሚያውለው ዎርልድ ኮሙኒቲ ግሪድም እ.ኤ.አ. በ2021 በካናዳ ቶሮንቶ ለሚገኘው ክሬምቢል የምርምር ተቋም እንደሚተላለፍ ተነገረ። ርክክቡ አልጋ በአልጋ አልነበረም፤ በ2022 ሥራው ለወራት ተስተጓጉሎ ብዙ በጎ ፈቃደኞችን አስመርሯል፤ ሆኖም ፕሮጀክቶቹ በአዲሱ ቤታቸው ቀጥለዋል። የጸሐፊው ፍርሃት ያረፈባቸው ትልልቆቹ መድረኮችም ቢሆኑ ከዚህ ዓይነቱ ጉዞ ነፃ አይደሉም። ሰዎች ያዩትን ዕፅዋትና እንስሳ በፎቶ የሚመዘግቡበት አይናቹራሊስት እ.ኤ.አ. በ2008 በበርክሊ የማስተርስ ተማሪዎች የመመረቂያ ሥራ ሆኖ ተጀመረ፤ ከዚያ በካሊፎርኒያ የሳይንስ አካዳሚ፣ ቀጥሎም ከናሽናል ጂኦግራፊክ ጋር በጋራ ሲተዳደር ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2023 ራሱን የቻለ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ሆኗል። አስተዳዳሪው ሦስት ጊዜ ሲቀያየር መዝገቡ አልጠፋም። ስለዚህ መድረኩ ለምን ይዘጋል ብሎ ከመሟገት ይልቅ ምን ይዞ እንደሚሄድና ምን ትቶ እንደሚሄድ መጠየቁ ይሻላል፤ ወደዚህ እመለሳለሁ።

የሰርቨሩን ወጪ በተመለከተ ብዙ አልልም። ኪራዩ በእርግጥ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ከወጪዎቹ ሁሉ ትንሹ እሱ ነው። የአንድሮይድ ስሪት በተቀየረ ቁጥር የስልኩን መተግበሪያ የሚያድስ፣ የደኅንነት ቀዳዳ የሚደፍን፣ የይለፍ ቃሉ ለጠፋበት ሰው የሚመልስ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ 45.0 ሚሊ ሜትር ለማለት ነጥቡን ዘንግቶ 450 ያስገባውን መዝጋቢ በማግስቱ ደውሎ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል። እንዲህ ያለ ሰው የሌለው መድረክ ክፍት ሆኖ ቢቆይ ተሳታፊው ማንም የማያየውን ቁጥር ሲያስገባ ይኖራል፤ ለእኔ ይህ ከመዘጋቱ የከፋ ንቀት ነው። በአንድ ነገር ግን ከጸሐፊው ጋር ነኝ፦ የመዝጊያው ማስታወቂያ በእንግሊዝኛ ብቻ መውጣቱ ነውር ነው።

ሦስተኛው ነጥብ ማለትም ሀብታችን ለባዕድ ተሰጠ የሚለው ክስ ከሁሉም የበለጠ ትኩረት የሚገባው ነው፤ ጸሐፊው የጤፍን ጉዳይ ማንሣታቸውም አግባብ አለው። አንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ይዞ ለዓመታት ካወዛገበ በኋላ፣ የሄግ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ፓተንቱ የፈጠራ ደረጃ የሌለው በመሆኑ ዋጋ እንደሌለው መወሰኑ ይታወሳል። ነገር ግን ከዚህ ታሪክ የሚወጣው መደምደሚያ ጸሐፊው ካወጡት ጋር የሚቃረን ይመስለኛል። አንድ ነገር ቀድሞ የታወቀ መሆኑን የሚያስረዳው በአደባባይ፣ ከነቀኑ ተጽፎ የተቀመጠ መዝገብ ነው። የሰረዝነው መዝገብ ለማንም ምስክር አይሆንልንም።

በተጨማሪም ያስገባነው ሁሉ አንድ ዓይነት ነገር አይደለም። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ፎቶግራፍ ጥበቃ የሚደረግለት ሥራ ነው፤ ተራ መረጃ ግን ጥበቃ ከሚደረግላቸው ሥራዎች ውጭ ነው። ማለትም የሐይቅን ዳርቻ የሚያሳየው ፎቶ የአንሺው ሲሆን፣ በዚያ ቀን 12 ሚሊ ሜትር ዘነበ የሚለው ቁጥር ግን የማንም የግል ንብረት አይደለም። ፎቶውን ማን እንደሚጠቀምበት የሚወስነው ባለቤቱ የሚሰጠው ፈቃድ ነው። ዋና ጽሕፈት ቤቱ ኮፐንሃገን የሆነውና የዓለምን የብዝኃ ሕይወት መዛግብት በአንድ የሚያገናኘው ጂ.ቢ.አይ.ኤፍ. የሚቀበለው ሦስት ዓይነት ፈቃድ ብቻ ነው፦ አንደኛው ማናቸውንም መብት የሚተው፣ ሁለተኛው ምንጭ ይጠቀስ የሚል፣ ሦስተኛው ምንጭ ይጠቀስ፣ ለንግድም አይዋል የሚል። ሦስተኛውን የመረጠ የወሎ ፎቶ አንሺ ምንም አሳልፎ አልሰጠም፤ ያለእርሱ ፈቃድ ፎቶውን የሚቸበችበውን ግን የሚከስበት መሠረት አግኝቷል። በዚያ ላይ አሁን ለማውረድ ክፍት ባልሆነ ገጽ ውስጥ ያለው ቆጠራ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለመመረቂያ ጽሑፉ ሲፈልገው ኢሜይል ልኮ የሚለምነው ነው፤ ከዝውውሩ በኋላ ግን ማንንም ሳይጠይቅ ያወርደዋል።

የቦታ ምሥጢራዊነት ግን እውነተኛ ሥጋት ነው፤ ጸሐፊው አላነሡትም። በአቡነ ዮሴፍና በቦረና ሳይንት ወረሂመኖ የታየ የቀይ ቀበሮ ዋሻ ትክክለኛ ቦታው ለማንም ተመልካች ክፍት ሆኖ መውጣት የለበትም። አይናቹራሊስት ለመጥፋት የተቃረቡ ዝርያዎችን ቦታ በካርታው ላይ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ባለው አራት ማዕዘን ውስጥ ያደበዝዘዋል። እኛ በነበርንበት መድረክ ላይ ግን ቦታው እንዳለ ይታያል፤ ስለዚህ በዚህ ረገድ ዝውውሩ ጥበቃውን ያጠናክረዋል እንጂ አያላላውም።

እዚህ ላይ ሁሉም ወገን፣ አስተዳዳሪዎቹም ጭምር፣ የዘነጉት አንድ ነገር አለ፤ ሌሎች መድረኮች የሚባለው አንድ ቦታ አይደለም። የዕፅዋትና የእንስሳት ፎቶ ለአይናቹራሊስት ይስማማል። የወፍ ቆጠራ ግን እዚያ ቢገባ ይጎዳል። በሐይቅና በአርዲቦ ዳርቻ ቆጠራ የሚያካሂዱት ሰዎች ያዩትን ይብራና ዳክዬ ብቻ ሳይሆን ያላዩትንም ይመዘግባሉ፤ ባለፈው ዓመት በዚህ ወር የነበረ ወፍ ዘንድሮ ዜሮ ሆኖ መገኘቱ ከቆጠራው ሁሉ ትልቁ ዜና ሊሆን ይችላል። ፎቶን መሠረት ያደረገ መድረክ ዜሮን ማስገባት አይችልም፤ የሌለ ወፍ ፎቶ አይነሣም። በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የአእዋፍ ጥናት ላቦራቶሪ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ የሚያስተዳድረው ኢበርድ ግን ለያንዳንዱ ዝርዝር፣ መለየት የቻልከውን ወፍ ሁሉ አስገብተሃል ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ አዎ ከተባለ ያልተጠቀሰው ሁሉ እንዳልታየ ይቆጠራል። ለዝርዝሩም የቆይታው ርዝመትና የተሄደው ርቀት አብሮ ይሞላል። የወፉ ቆጠራ መግባት ያለበት እዚያ ነው። የዝናቡ ቁጥር ደግሞ ለሁለቱም አይሆንም፤ ለእሱ የሚበጀው በአማርኛ ቅጽ የሚዘጋጅበት፣ ኔትወርክ ሳይኖር ተሞልቶ ኔትወርክ ሲመጣ የሚላክበት እንደ ኮቦቱልቦክስ ያለ ነፃ አገልግሎት ነው።

ጸሐፊው አንድም ቃል ያልተናገሩበት፣ እኔን ግን እንቅልፍ የሚነሣኝ ጉዳይ ቀን ነው። በመድረኩ ላይ ቀን የሚሞላበት ሣጥን የተጻፈለትን ሁሉ ስለሚቀበል አብዛኛው መዝጋቢ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲሞላ ኖሯል። አንድ የኩታበር ገበሬ 5/12/2014 ብሎ ከጻፈ ነሐሴ 5 ቀን 2014 ዓ.ም. ማለቱ ነው፤ በፈረንጆቹ ኦገስት 11 ቀን 2022 ይሆናል። ዝውውሩን የሚያካሂደው ፕሮግራም ይህንኑ ዲሴምበር 5 ወይም ሜይ 12 ቀን 2014 ብሎ ያነበዋል፤ በክረምቱ እምብርት የጣለው ዝናብም ከስምንት ዓመት ገደማ በፊት በሌላ ወቅት የጣለ ሆኖ ቁጭ ይላል። ጳጉሜን ደግሞ የባሰ ነው። ዐሥራ ሦስተኛ ወር የማያውቅ ፕሮግራም 3/13/2014ን ሲያገኝ አንድም ስሕተት ነው ብሎ ይጥለዋል፣ አንድም በአሜሪካኖቹ አጻጻፍ ማርች 13 ነው ብሎ ይቀበለዋል። እንግዲህ ልጆች እየጨፈሩ የሚጠመቁበት የሩፋኤል ዕለት ዝናብ በልግ ውስጥ ሊገባ ነው። ይህ ለቀልድ የሚተው አይደለም፤ የደላንታ፣ የዋድላና የተንታ ደጋ ገብሱን የሚዘራው በበልግ ዝናብ ሲሆን፣ በ1966ና በ1977 ዓ.ም. የደረሰውን የሚያስታውስ ወሎዬ ያልጣለ በልግ እንደጣለ ሆኖ መመዝገቡ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም።

ሰዓቱም አለ። መለኪያው የሚነበበው ጠዋት በ3 ሰዓት ስለሆነ መዝጋቢው 3:00 ብሎ ይጽፋል፤ ማሽኑ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ያደርገዋል። ሰዓት ሳይጻፍ ቀን ብቻ የገባበት መዝገብም ቢሆን አያመልጥም፦ ፕሮግራሙ እኩለ ሌሊት ብሎ ይይዘውና ወደ ዓለም አቀፉ ሰዓት ሲመልሰው፣ የእኛ እኩለ ሌሊት በዚያ አቆጣጠር ያለፈው ቀን 21:00 ስለሆነ፣ መላው መዝገብ አንድ ቀን ወደ ኋላ ይሸሻል። ዛሬ ጠዋት የተነበበው ዝናብ የዛሬ ነው ወይስ የትናንት የሚለውን ጥያቄ ደግሞ እያንዳንዱ መዝጋቢ በራሱ መንገድ መልሶታል፤ ይህንን ጠይቆ ሳይጽፉ ቁጥሩን ብቻ ማዛወር ከንቱ ነው። ፊደሉም እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻል። የወረደውን ሲ.ኤስ.ቪ. ፋይል (ሠንጠረዡ በተራ ጽሑፍ የሚቀመጥበትን) በቀጥታ በኤክሴል የከፈተ ሰው የግዕዝ ፊደላችን ወደማይነበብ ምልክት ተለውጦ ያገኘዋል፤ በዚያው ሴቭ ካደረገው ዋናው ፋይል ተበላሸ ማለት ነው። ፊደሉ ቢተርፍ እንኳ ሐይቅ፣ ሀይቅና ሃይቅ ተብሎ የተጻፈውን አንድ ከተማ ማሽኑ ሦስት ጣቢያ ያደርገዋል። በዝውውሩ ላይ ቅሬታ የሚቀርብ ከሆነ መቅረብ ያለበት በዚህ ነው፤ ይህንንም ማቃናት የሚችል የመዝጋቢዎቹን ልማድ የሚያውቅ የወሎ ሰው እንጂ ሰርቨሩን የሚያስተዳድረው መሐንዲስ አይደለም።

ይህ ሁሉ ልፋት ዋጋ አለው ወይ የሚል ካለ፣ የዓለምን ዝናብ ከሳተላይትና ከምድር ጣቢያዎች አጣምረው ከሚያሰሉት መዛግብት በብዛት ከሚሠራባቸው አንዱ የሆነው ቸርፕስ የሚለካው 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ጎን ባለው ካሬ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ በመኪና መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢራራቁም በከፍታ 600 ሜትር ያህል ይለያያሉ፤ በእንዲህ ያለ ገደላ ገደል ምድር ላይ በአንድ ካሬ ውስጥ ያለው የሸለቆና የጫፍ ልዩነት የሚታወቀው ሰው ወጥቶ ሲለካው ነው።

አራተኛው ነጥብ የራሳችን መድረክ የሚለው ነው። ምኞቱን አልነቅፍም። ጸሐፊው ግን ሰርቨሩን በአንድ የደሴ ሕንፃ ውስጥ ለማስቀመጥ ሲያስቡ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ መብራትና ስልክ እንደተቋረጠ፣ ወሎ ዩኒቨርሲቲም ከተዘረፉት ተቋማት አንዱ እንደነበረ የዘነጉ ይመስላል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮም በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ቆይቷል። መዝገብ የሚተርፈው በብዙ ቦታ ሲቀመጥ ነው። ስለዚህ የኔ ሐሳብ ሙሉው መዝገብ፣ ከነስሕተቱም ቢሆን፣ ሳይነካ አንድ ቅጂው በአውሮፓው የኑክሌር ምርምር ማዕከል በሰርን በሚተዳደረው የምርምር መረጃ ማከማቻ በዜኖዶ ላይ ቋሚ መለያ ቁጥር ተሰጥቶት እንዲቀመጥ፣ ሌላው ቅጂ በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት እንዲገባ፣ ሦስተኛው በሐርድ ዲስክ በመዝጋቢዎቹ እጅ እንዲሆን ነው። የታረመው ቅጂ ከዚህ በኋላ ይሠራል። የራሳችን መድረክ የሚሠራበት ቀን ቢመጣም የሚጀምረው ከእነዚህ ቅጂዎች ነው፤ ከተሰረዘ መዝገብ አይጀመርም።

እንግሊዝኛ የማያነቡት ተሳታፊዎች ሜዳ ላይ ይቀራሉ ለሚለው መከራከሪያ የለኝም፤ ጸሐፊው ግን ከጽሑፋቸው ሁሉ እውነተኛውን ሐሳብ በአንድ ዐረፍተ ነገር አልፈውታል። እነዚህ ሰዎች ከሌሉ የዝናቡ መዝገብ የለም። ለመመልከት እንግሊዝኛ እንደማያስፈልግ ማስረጃው ሩቅ አይደለም፤ በመቄት ገረገራና በትግራይ ሐገረ ሰላም በተካሄደ ጥናት 60 ገበሬዎች፣ ግማሾቹ ሴቶች፣ 400 የዱረም ስንዴ ዓይነቶችን በራሳቸው መመዘኛ ገምግመው የሰጡት ነጥብ ከተመራማሪዎቹ ልኬት ጋር ተዳምሮ ለዝርያ መረጣ ውሏል። ከዚያም ወዲህ በኢትዮጵያ በተሠራበት ዘዴ አንድ ገበሬ ስማቸው ያልተነገረ ሦስት ዓይነት ዘር ብቻ ተሰጥቶት በማሳው ላይ ዘርቶ የትኛው እንደበለጠና የትኛው እንዳነሰ ይናገራል፤ የብዙ ሺህ ማሳዎች መልስ ተደምሮ ነው የትኛው ዘር ለየትኛው አየር ጠባይ እንደሚስማማ የሚታወቀው። ለዝናቡም ተመሳሳይ መንገድ አለ። መለኪያውን የሚያነቡት እትዬ ወይም ጋሼ ቁጥሩን ስልክ ደውለው ይናገሩ፤ በቀበሌው ያለ የግብርና ባለሙያ ወይም የዘጠነኛ ክፍል ልጅ በአማርኛው ቅጽ ይሙላላቸው። ይህንን አስተዳዳሪዎቹ እንዲያሟሉ በአንድ ድምፅ ብንጠይቅ ጥያቄያችን ተቀባይነት የሚያገኝ ይመስለኛል፤ በስረዛ ከዛትን በኋላ ግን የሚሰማን አይኖርም።

የስረዛው ጥሪ ሌላም ችግር አለበት፦ የሚያገኘው ኢንተርኔት ያለውን፣ የይለፍ ቃሉን የሚያስታውሰውንና ጽሑፉን ያነበበውን ሰው ብቻ ነው። የሌላው መዝገብ ባለበት ይቀራል፤ ውጤቱም ከተማ ከተማው ተሰርዞ ገጠሩ ብቻ የቀረበት የተንሻፈፈ መዝገብ ይሆናል። ስልክ የቀየሩ፣ አካባቢውን የለቀቁ፣ በጦርነቱም ሆነ በሕመም ያረፉ መዝጋቢዎች አሉ። የእነዚህን ሰዎች ፎቶግራፍ ፈቃድ አስተዳዳሪዎቹም ሆኑ እኛ መቀየር አንችልም፤ ስለዚህ በነበረበት ፈቃድ ካልሆነ በቀር ወደ ሌላ መድረክ መሄድ የለበትም፤ በቅጂው ውስጥ ግን ይቆይ። የዝናብ ቁጥራቸው ይለፍ፤ በሕይወት ያሉትና ያልተገኙት ሰዎች ስምና ስልክ ግን በግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የተሸፈነ ስለሆነ ተነሥቶ በመለያ ቁጥር ይተካ። ያረፉትን በተመለከተ ቤተሰቦቻቸው ስማቸው በመዝገቡ ላይ እንዲቆይ ከፈለጉ ይቆይ። ይህንን ቤት ለቤት የሚጠይቅ፣ እግረ መንገዱንም መለኪያው ዛፍ ሥር ይሁን ሜዳ ላይ፣ ጠዋት በስንት ሰዓት እንደሚነበብና ቀኑ በየትኛው አቆጣጠር እንደተሞላ የሚጽፍ አንድ ሰው በየወረዳው ከመዝጊያው ቀን በፊት መመደብ አለበት፤ ለኩታበርና ለደሴ ዙሪያ እኔ ፈቃደኛ ነኝ።